የመጀመሪያዋን የወርቅ ሳንቲም ሲገዙ ሂሳቡ በግራም ነው

በአውሮፓም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው ጥቂት ጥሪት ይዞ ወደ ወርቅ ገበያ ሲወጣ፣ ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዋጋዋ ዝቅተኛ በሆነችው ሳንቲም ላይ ነው። ይህችም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ አውንስ አንድ አሥረኛ የሆነችው ናት። የአሜሪካው ኢግል፣ የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድና የኦስትሪያው ፊልሃርሞኒክ በዚህ መጠን ይመታሉ። የያዙት ንጹሕ ወርቅ 3.11 ግራም ነው።

ችግሩ ያለው ከወርቁ በላይ በሚከፈለው ጭማሪ ላይ ነው። ወርቅ ቤት የሚያውቅ ገዢ የእጅ ዋጋን ያውቃል። ሳንቲምም የራሱ የእጅ ዋጋ አለው። ትንሿን ለመምታትና ለመሸጥ የሚወጣው ወጪ ከትልቋ ብዙም ስለማያንስ፣ በእያንዳንዱ ግራም ላይ የሚያርፈው ጭማሪ ከፍ ይላል።

በአንጻሩ ቀድሞ ለመገበያያ በብዛት የተመቱ ሳንቲሞች አሉ። የእንግሊዙ ሶቨሪን 7.98 ግራም ይመዝናል፤ 22 ካራት ስለሆነ ንጹሕ ወርቁ 7.32 ግራም ነው። የፈረንሳዩ አሮጌ 20 ፍራንክ 6.45 ግራም መዝኖ 5.81 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይይዛል። እነዚህ በብዛት ስለሚገኙ ጭማሪያቸው ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ 100 ነው እንበል። አንድ አሥረኛ አውንሷ በ361፣ ሶቨሪኑ በ770 ቢቀርቡ፣ የመጀመሪያዋ ግራሙን በ116፣ ሁለተኛው በ105 ሸጡለት ማለት ነው። ገዢው በማግስቱ ቢቸግረውና ሻጩ ግራሙን በ98 መልሶ ቢገዛው፣ ከትንሿ 56፣ ከሶቨሪኑ 53 ይከስራል። ከግማሽ ባነሰ ገንዘብ ላይ የደረሰው ኪሳራ እኩል ሊባል ጥቂት ቀረው።

የቀረጥ ሕግም እንደየአገሩ ምርጫውን ይለውጣል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በእንግሊዝ ከ1800 እ.ኤ.አ. በኋላ የተመቱና ንጽሕናቸው ከ90 በመቶ ያላነሰ የመዋዕለ ንዋይ ሳንቲሞች ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ናቸው። ከ1837 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተመታ ሶቨሪን የሚሸጥ የእንግሊዝ ነዋሪ ደግሞ ከትርፉ ላይ የካፒታል ዕድገት ግብር አይከፍልም። በዱባይ ግን ከ5 በመቶው ታክስ ነጻ የሚሆነው ንጽሕናው 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ወርቅ ነው። ስለዚህ ለንደን ላይ ያዋጣ ሶቨሪን ዱባይ ላይ ላያዋጣ ይችላል፤ እዚያ እንደ ካናዳው ሜፕል ሊፍ ያለ 24 ካራት ይመረጣል።

ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሻጩን «ዛሬውኑ ብመልስልህ በስንት ትገዛኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ሳንቲሙም በፊቱ ይመዘን፣ ስፋቱም ይለካ። የሶቨሪን ስፋት 22.05 ሚሊ ሜትር ነው። ከመዳብ ወይም ከነሐስ የተሠራ ሐሰተኛ ክብደቱ ከገጠመ መጠኑ፣ መጠኑ ከገጠመ ክብደቱ ያጋልጠዋል። በሳጥን ታሽገው የሚቀርቡ የመታሰቢያ ሳንቲሞች ውበታቸው ባይካድም፣ መልሶ የሚገዛው ነጋዴ ለሳጥኑ ላይከፍል ይችላል።

በእጁ ያለው ለአንድ አሥረኛ አውንስ ብቻ የሚበቃ ገዢ፣ ካልቸኮለ ለ20 ፍራንክ ወይም ለሶቨሪን እስኪሞላለት ቢያጠራቅም ይሻለዋል። በመካከሉ ወርቅ ሊወደድ ይችላል፤ ነገር ግን በትንሿ ላይ የሚከፈለው ጭማሪ ከመጀመሪያው ቀን የታወቀ ወጪ ነው።