አጎበሩ የተለካው ለማን ነው?
የኦቾሎ ትንሽ ነፍሳትና የመንገደኛው ፊዚክስ

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ተራራ ላይ፣ ኦቾሎ የምትባል ቋጥኛማ መንደር ትገኛለች። ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ ሙቀት ወጥቶ ወደዚህ ከፍታ የደረሰ መንገደኛ «እንግዲህ ከትንኝ ተገላገልን» ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ እዚህ የሚጠብቀው ሌላ ነፍሳት ነው፤ የአሸዋ ዝንብ።

የአሸዋ ዝንብ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ ከፍታ ትይዛለች። እንደ ወባ ትንኝ ጆሮ ሥር አትጮህም፤ በጨለማ ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ትነክሳለች። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ስትሆን፣ በኦቾሎ የምትበዛው ዝርያ ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር ትባላለች። ይህች ዝርያ ሌሽማንያ ኢትዮፒካ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ከሽኮኮ ወደ ሰው ታስተላልፋለች። በሽታው የቆዳ ሌሽማንያሲስ ሲሆን በሰሜን ኢትዮጵያ ቁንጭር በሚል ስም ይታወቃል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ዝንቧ ከሁሉ ይልቅ በዋሻዎች እንደምትበዛ፣ ተሕዋሱም በሽኮኮዎች ላይ እንደሚገኝ አሳይተዋል። በኦቾሎ ዋሻውና መኖሪያ ቤቱ ጎረቤታሞች ናቸው።

ስለ ወባ ትንኝ የተማርነውን ሁሉ ይዘን ብንሄድ አይበቃንም ወይ? አይበቃንም። የወባ ትንኝ የምትራባው በውኃ ነው፤ የአሸዋ ዝንብ ግን እርጥበትና ብስባሽ ባለው አፈር፣ በዋሻና በዓለት ስንጥቅ ትራባለች። ስለዚህ ኩሬ ማፋሰስ አይጎዳትም።

ስለ አጎበሩም ጥቂት እናስላ። የተለመደው አጎበር በአንድ ካሬ ኢንች 156 ያህል ቀዳዳዎች አሉት። የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት 12.5 ገደማ ነው። 25.4 ሚሊ ሜትርን ለ12.5 ብናካፍል ከአንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ለወባ ትንኝ የተለካ በር ነው፤ የአሸዋ ዝንብ ግን ሰውነቷ ቀጭን ስለሆነ ሾልካ ትገባለች። ቀዳዳውን እጅግ ብናጠብ ደግሞ አየር ይታፈናል። ስለዚህ በጸረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ አጎበር ይመረጣል፤ ዝንቧ ለማለፍ ስትሞክር ኬሚካሉን ትነካለችና።

ትንሽነቷ ግን ድክመቷም ነው። የአንድ አካል ርዝመት በግማሽ ሲቀንስ ክብደቱ ወደ አንድ ስምንተኛ፣ የገጹ ስፋት ግን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለሆነም ነፋስ የሚገፋው ገጽ ከክብደቱ አንጻር እጥፍ ይሆናል። ቀድሞውንም ደካማ በራሪ የሆነችው የአሸዋ ዝንብ ነፋስ ሲነሣ መብረር ይሳናታል። መብራት ባለበት ቤት በአልጋ አቅጣጫ የተደረገ ቬንቲሌተር ጥሩ ጋሻ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የሚከተሉትንም መንገደኛው ልብ ይበል፦

• ከዋሻና ከዓለት ስንጥቅ አጠገብ አለማደር፤ መኝታን ከመሬት ከፍ ማድረግ።
• ከምሽት ጀምሮ እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ መልበስ፤ በተጋለጠ ቆዳ ላይ ነፍሳት የሚያባርር ቅባት መቀባት።
• ቁስሉ ከንክሻው በኋላ በሳምንታት አልፎም በወራት ሊወጣ ይችላል። የማይድን ቁስል ያየ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የት እንዳደረ ጭምር ለሐኪሙ ይንገር፤ ይህ ካልተነገረ በሽታው በሌላ ሊሳሳት ይችላል።

በቆላው ሲወርድ ደግሞ የወባው ጥንቃቄ እንዳለ ይቀጥል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

እኛ አንድ ሌሊት አድረን እንመለሳለን። በኦቾሎ የሚወለድ ሕፃን ግን በየሌሊቱ በዚያው ያድራል፤ ብዙዎችም የበሽታውን ጠባሳ ፊታቸው ላይ ይዘው ያድጋሉ። ለሰው የሚሆን ክትባት እስካሁን የለም። ውድ ተማሪዎች፣ ለዚህች ዝንብ የሚመጥን፣ አየር የማይከለክል፣ ዋጋውም የገበሬውን አቅም የማይፈታተን አጎበር መሥራት የባዮሎጂ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስም ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከመማሪያ ክፍላችን ብዙም አይርቅም።