ለውርጭም ለፀሐይም አንድ ሻንጣ

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ታናሽ እህቴ ከሚኒሶታ ለገና መጣች። ሁለት ሻንጣ ይዛለች፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አንደኛው የእሷ አልነበረም፤ የአክስት ጫማ፣ የአጎት የደም ግፊት መለኪያ፣ የጎረቤት ልጅ ላፕቶፕ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው እንዴት እንደሚጫን ታውቁታላችሁ። የራሷን ሻንጣ ስንከፍተው ስስ ቲሸርት፣ ቁምጣ፣ ነጠላ ጫማ ብቻ። በርሚል የሚያህለውን ካፖርቷን «ፀሐይ አገር እየሄድኩ ምን ያደርግልኛል» ብላ ኤርፖርት ያደረሳት ባሏ መኪና ውስጥ ትታዋለች።

በማግስቱ ንጋት ላይ ሳሎን ስገባ የእማዬን ጋቢ ተከናንባ ሶፋው ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የለመደች ሴት በአዲስ አበባ 8 ዲግሪ ትንቀጠቀጣለች።

«ምነው ልጄ፣ በረዶ አገር ነው የምኖረው ትይ አልነበር?» አለቻት እማዬ፣ ሳቋን ሳትደብቅ።

እህቴን የሸወዳት አንዱ ቃሉ ነው። ሚኒሶታ ያሉት የእኛ ልጆች የፈረንጁን ብርድ ወራት «ክረምት» ይሉታል። እኛ ዘንድ ግን ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ። ታኅሣሥና ጥር በጋ ናቸው። በጋ ሲባል ደግሞ ፀሐይ ብቻ ይታሰባል እንጂ ውርጩ ትዝ አይልም። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት ከሐምሌው ሌሊት የበለጠ ይበርዳል ቢሏት አታምንም ነበር።

ሌላው ቤቱ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ብርዱ ያለው ደጅ ነው። ከቤት መኪና፣ ከመኪና ቢሮ፤ ሁሉም ይሞቃል። እኛ ቤት ማሞቂያ የለም። ሌሊት ደጁ 8 ዲግሪ ከሆነ የሳሎኑም ግድግዳ አብሮት ይቀዘቅዛል፤ ገብተህ የምትሞቅበት ቦታ የለህም። ስለዚህ ለእኛ አገር የበጋ ጉዞ ጓዝ ሲቋጠር መጠየቅ ያለበት «ውጭ ምን ልልበስ» ብቻ ሳይሆን «ራት ስበላና ስተኛስ ምን ልልበስ» የሚለውም ነው።

ያን ጊዜ ያሰብነው ገናን ላሊበላ አንግሠን፣ ጥምቀትን ጎንደር ልናከብር፣ በመካከሉ ሰሜን ተራሮችን ልናይ ነበር። የአሥራ አምስት ቀን ጉዞ ነው። እህቴ ስልኳን አውጥታ የአየር ትንበያ መፈለግ ጀመረች። ለጎንደር ቀን 27፣ ሌሊት 11 ይላል። «ታዲያ የትኛውን ነው የምለብሰው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ መልሱ «ሁለቱንም፣ በአንድ ቀን ውስጥ» ነው። በበጋ በደጋው አገር በጠዋቱና በእኩለ ቀኑ መካከል ያለው ልዩነት በወርና በወር መካከል ካለው ይበልጣል። ለወሩ ወይም ለከተማው ብቻ የቋጠረ ሰው ከቀኑ ግማሽ ላይ መሳሳቱ አይቀርም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ምድር ቀን ከፀሐይ የወሰደችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ ይዞ ያስቀርላታል፤ እንደ ብርድ ልብስ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ የሚያስቀርላት የለም፤ ስትራቆት ታድራለች። ገበሬው ውርጭ ባቄላውን የሚመታበት ኮከቡ በደመቀበት፣ ነፋሱ ባረፈበት ሌሊት እንደሆነ ያለ ትምህርት ቤት ያውቃል። መንገደኛም ይህን ምልክት መያዝ አለበት፦ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀና ብላችሁ እዩ፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ለመኝታ አንድ ነገር ጨምሩ።

ከፍታው ሌላ ነው። አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ይቀንስና ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል። የብስክሌት ጎማ አስተንፍሳችሁ ከሆነ ከቫልቩ የሚወጣው አየር ጣት ላይ ሲቀዘቅዝ ታውቁታላችሁ፤ ነገሩ ያው ነው። በአማካይ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ያለው የጨነቅ ካምፕ ከ3,600 በላይ ነው። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ፀሐይ፣ በሁለቱ መካከል 12 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ ማለት ነው። ፀሐዩ ደግሞ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ይብሳል፤ እየበረዳችሁ ፊታችሁ ይላጣል። ኮፍያ ለብርዱም ለፀሐዩም ነው።

ዝናቡንም አትርሱ። ከሜዲትራኒያን በኩል የሚመጣ የአየር ሞገድ የባሕር እርጥበት ሲያገኝ ታኅሣሥና ጥር ላይም ያዘንባል። «በጋ ነው» ብሎ የዝናብ ጃኬት የሚተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይቀናዋል፤ ያልቀናው ዕለት ግን ማድረቂያ የለም።

አሁን ወደ ልብሱ። ልብስ አያሞቅም። የሚያሞቀው ገላችን ነው፤ ዝም ብለን ስንቀመጥ እንኳ እንደ ድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ሙቀት ይሰጣል። ዳገት ስንወጣ አራት አምስት እጥፍ ይሆናል። የልብስ ሥራ ይህን ሙቀት እንዳይሸሽ መያዝ ነው፤ የሚይዘውም ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ የታሰረው አየር ነው። ጋቢን ተመልከቱ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ላላ ተደርጎ የተሸመነ፣ አራት ድርብ። በክሩና በክሩ፣ በድርቡና በድርቡ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር አለ። ስትከናነቡት የምትለብሱት ያንን አየር ነው።

ለዚህ ነው ሦስት ስስ ልብስ ደርቦ መልበስ ከአንድ ወፍራም ካፖርት የሚሻለው። በድርቦቹ መካከል ተጨማሪ አየር ይታሰራል። ከዚያም በላይ፣ ካፖርት ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ መልበስ ወይም ማውለቅ። ድርብ ልብስ ግን እንደ ቡታጋዝ ነው፤ እሳቱን ከፍ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። ለብርድም ለሙቀትም የሚበጅ ሻንጣ የሚሞላው በዚህ ነው እንጂ ለብርድ አንድ ክምር፣ ለሙቀት ሌላ ክምር በመያዝ አይደለም።

አየርን የሚያሸንፍ አንድ ጠላት አለ፤ እርጥበት። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ገደማ አብልጦ ያስተላልፋል፤ ሲተንም ተጨማሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ወጥ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ሦስት ብርጭቆ ላይ እኩል ሙቅ ውኃ ቅዱ። አንዱን ደረቅ ካልሲ አልብሱት፣ አንዱን የረጠበ ካልሲ፣ ሦስተኛውን ራቁቱን ተዉት። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ጣታችሁን ንከሩ። የረጠበውን የለበሰው ከራቁቱም ብሶ ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ።

እህቴ ይህን የተማረችው በካልሲ አይደለም። ጨነቅ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ዳገቱን በጥጥ ቲሸርት ስትወጣ ላብ በላብ ሆናለች። ፀሐይ ገደሉ ጀርባ ገባችና ነፋሱ ተነሣ። ሹራብ ደረበች፤ በዚያ ላይ ከወንድማችን የተዋሰችውን ወፍራም ጃኬት ደረበች፤ መንቀጥቀጡ አልተወ። አብሮን የመጣው የፓርኩ ስካውት፣ በወታደር ጃኬት ላይ ጋቢ ጣል ያደረገ ሽማግሌ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሲያያት ቆየና «እህት ዓለም፣ ላይ ላዩን ከምትደርቢ ታችኛውን አውልቂ» አላት። ድንኳን ገብታ የረጠበውን ቲሸርት ቀየረች። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ሻይ ይዛ ስትስቅ ወጣች። ሌሊቱን ከድንኳኑ ውጭ የረሳነው የመታጠቢያ ሳፋ ውኃ ጠዋት ላይ ስስ በረዶ ጋግሮ ነበር። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የደረታቸውና የትከሻቸው ጠጉር ካፖርት ነው። ለእነሱ ጓዝ የቋጠረላቸው ሌላ ነው።

ከገላ ጋር የሚነካካው ልብስ ጥጥ እንዳይሆን የምለው ለዚህ ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ቶሎ አይለቅም። ውድ የተራራ ልብስ ግን አያስፈልጋችሁም፤ ሁላችሁም ቤት የእግር ኳስ ማሊያ አለ። ማሊያ ፖሊስተር ነው፤ ማታ አጥባችሁ ብትሰቅሉት ጠዋት ብዙ ጊዜ ደርቆ ይጠብቃችኋል። የወንድሜ ልጅ ሁለት የአርሴናል ማሊያ ይዞ መጥቶ ከሁላችን የተሻለ ጓዝ የቋጠረው እሱ ሆኖ ተገኘ፤ ሳያውቅ።

በማሊያው ላይ ሱፍ ሹራብ። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶም ቢሆን ያሞቃል። የመንዝ ሰው በግ ሸልቶ ባናና ዝተት የሚሠራው ብርዱን ስለሚያውቀው ነው። ሰልባጅ ተራ ጥሩ ሱፍ በርካሽ ይገኛል፤ ግን ሻጩ ሁሉንም «ንጹሕ ሱፍ» ይላችኋል። ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ ክብሪት ለኩሱበት። ሱፍ እንደተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል። ክብሪቱን ከሻጩ ፊት አትጫሩ፤ እኔ ተሰድቤበታለሁ።

ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ስስ ጃኬት። ብቻውን ምንም አያሞቅም፤ ከሥሩ የታሰረውን አየር ነፋስ እንዳይዘርፈው ይዘጋል። ተጣጥፎ አንድ ጡጫ የሚያህል ነው። ጂንስ ሱሪ አንድ ይበቃል፤ ከረጠበ ሁለት ቀን ይፈጃል። ካልሲ አታሳንሱ፤ አንድ ወፍራም ካልሲ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ፣ ጓንት ከጠፋም እጅ ይገባበታል። የረጠበውን ከደረቀው የሚለይ ሁለት ሦስት ፌስታል ሻንጣው ጎን ላይ ይኑር።

ጋቢስ? ይያዝ። ለዳገት አይሆንም፤ ላብና ጤዛ ከጠጣ ይከብዳል። ግን ለአውቶቡስ ትራስ፣ ለአልጋ ተጨማሪ ልብስ፣ ለከተራ ሌሊት ሜዳ ላይ ለማደር የሚተካው የለም። በአንድ ኪሎ ይህን ሁሉ የሚሠራ ሌላ ልብስ አላውቅም።

የገናው ነጭ ልብስ ነበር እህቴን ያስጨነቃት። ላሊበላ ታኅሣሥ 28 ማታ ገብቶ እስኪነጋ መቆም አለ፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ስስ ጥጥ። በቀሚሱ ላይ ጃኬት መደረቡን አልወደደችውም። እኔም አጠገባችን ያሉትን እናቶች እጅጌ አሳየኋት። አንዲት እማማ እጃቸውን ለማማተብ ሲያነሡ በነጩ ቀሚስ እጅጌ ሥር ቡናማ ሹራብ ብቅ አለ፤ ከሹራቡ ሥር ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ከላይ ሲታዩ አንድ ነጭ ልብስ ናቸው። በሚቀጥለው ሰዓት እህቴም በቀሚሷ ሥር ታይትና ስስ ሹራብ ለብሳ ተመለሰች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሻንጣውን ከመዝጋታችሁ በፊት በዋዜማው ማታ ሁሉንም ደርባችሁ ልበሱት፤ ማሊያ፣ ሹራብ፣ ጃኬት። ከዚያ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ጎንበስ ብላችሁ የጫማችሁን ክር እሰሩ። ከጠበቃችሁ በመካከሉ ያለው አየር ተጨምቆ ወጥቷል ማለት ነው፤ ሦስት ልብስ ለብሳችሁ አንድ እንደለበሰ ሰው ይበርዳችኋል። ጃኬቱን በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቀይሩት፤ ባል ወይም ወንድም ካለ የእሱን ተዋሱ።