ለአራስ ቤት ሲዘጋጁ የግቢውን ውሻ አይርሱ

በአንድ ቤት ልጅ ሊወለድ ሲል መሰናዶው ከወራት በፊት ይጀምራል። የገንፎው እህል ተለቅሞ ይፈጫል፤ ቅቤው ተነጥሮ ይቀመጣል፤ የሕፃኑ መታቀፊያ ታጥቦ ይታጠፋል፤ ነፍሰ ጡሯም ወደ ጤና ጣቢያ እየተመላለሰች ክትትሏን ታደርጋለች። በዚህ ሁሉ መሰናዶ መካከል ግን አዘውትሮ የሚዘነጋ አንድ የቤቱ ነዋሪ አለ፤ እርሱም ውሻው ነው።

ውሻ በገጠር ጅብን ከበረት ያርቃል፤ በከተማም ሌሊቱን ግቢ ሲጠብቅ ያድራል። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” እንደሚባለው፣ ለሚያውቀው ቤትና ለሚያውቃቸው ሰዎች ታማኝ ነው። የማያውቀውን ግን ይጠራጠራል። አዲስ የተወለደ ሕፃንም ለውሻው እንግዳ ነው። ቀጭን የልቅሶ ድምፁን ሰምቶት፣ ሽታውንም አሽትቶት አያውቅም። በዚያ ላይ የቤቱ ሥርዓት በአንድ ቀን ይለወጣል። ይመግበው የነበረው ሰው በሌላ ይተካል፤ እስከ ትናንት የሚተኛበት በረንዳ ይከለከላል፤ ግቢው በጠያቂ ይሞላል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲደርስበት ለማዳ የተባለ ውሻ እንኳ ሊደነግጥና ሊናከስ ይችላል። ውሻውን የማዘጋጀቱ ሥራ ከወሊድ በኋላ ሳይሆን በእርግዝናው ወራት መጀመር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የሕይወት ጉዳይ ስለመሆኑ

ጨቅላ ሕፃን ራሱን መከላከል፣ መሸሽም ሆነ የደረሰበትን መናገር አይችልም። ትንንሽ ልጆች በውሻ ሲነከሱ ቁስሉ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በፊት፣ በጭንቅላትና በአንገት ላይ ነው። ቁስሉ ለአንጎል በቀረበ መጠን ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ፈጥኖ ሊታይ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች ይሞታሉ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው 100 አጋጣሚዎች 99ኙ ከውሻ ጋር የተያያዙ ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን በክትባት ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል።

ቀዳሚው እርምጃ፦ ክትባትና የጥገኛ ትል መድኃኒት

በቤቱ ነፍሰ ጡር እንዳለች በታወቀ ጊዜ የመጀመሪያው ተግባር ውሻውን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወይም በአካባቢው ወዳለ የእንስሳት ጤና ኬላ መውሰድ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊሰጠው ይገባል፤ ከዚያም ባለሙያው በሚሰጠው ቀጠሮ መሠረት በየጊዜው ይደገማል። “ውሻዬ ከግቢ ወጥቶ አያውቅምና ክትባት አያስፈልገውም” ማለት አይገባም። አንድ የታመመ ውሻ ወይም የዱር እንስሳ በአጥር ቀዳዳ ሾልኮ ለመግባት አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

በዚሁ ዕለት የውስጥ ጥገኛ ትል መድኃኒት፣ እንዲሁም የቁንጫና የመዥገር መከላከያ ማሰጠት ያስፈልጋል። የውሻ ወስፋት እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በአፈር ውስጥ ረዥም ጊዜ ይቆያል። በመሬት ላይ የሚድኽና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ደግሞ ለዚህ ከማንም በላይ የተጋለጠ ነው።

ለውጡን ቀስ በቀስ ማስለመድ

ሕፃኑ ሲመጣ በውሻው ኑሮ ላይ የሚደረግ ለውጥ ካለ፣ ከወሊዱ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ መደረግ ይኖርበታል። ወደ ቤት ገብቶ ይተኛ የነበረ ውሻ ከሆነ ከወዲሁ በደጅ መጠለያ ይሠራለት፤ ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው፣ ድርቆሽ ወይም ጆንያ የተነጠፈበት ቢሆን ይመረጣል። ነፍሰ ጡሯ የምትመግበው ከሆነም ሌላ የቤተሰብ አባል ኃላፊነቱን ቀስ በቀስ ይረከብ። እንዲህ ከተደረገ ውሻው ለውጡን ከሕፃኑ መምጣት ጋር አያያይዘውም።

ውሻው በሰው ላይ የመዝለል ልማድ ካለው ሕፃን ለታቀፈች እናት አደጋ ነው። ሲዘል ፊት መንሳት፣ አራቱም እግሮቹ መሬት ሲረግጡ ደግሞ ቁራሽ እንጀራ ሰጥቶ ማመስገን ልማዱን ያስተወዋል። ዱላ አይመከርም፤ የሚመታ ውሻ ፍርሃትን ይማራል፤ የፈራ ውሻም ይናከሳል።

የሕፃን ልቅሶ የተቀዳበት ድምፅ በስልክ በዝቅታ እያሰሙ፣ ውሻው እርጋታ ባሳየ ቁጥር ምግብ መስጠት፣ ድምፁንም በየቀኑ በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ውሻውን ያለማምደዋል። ነፍሰ ጡሯ የምትቀባውን የሕፃን ቅባትና የምታጥብበትን ሳሙና አስቀድሞ እንዲያሸት ማድረግም ይጠቅማል።

ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያው ትውውቅ

እናቲቱ በጤና ተቋም ከወለደች፣ ሕፃኑ የተጠቀለለበትን አንድ ጨርቅ አስቀድሞ ወደ ቤት መላክ ይቻላል። ውሻው ከርቀት አሽትቶት በእርጋታ ሲቆም ይመሰገናል። እናቲቱ ወደ ቤት ስትመለስ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይዞላት፣ እርሷ ቀድማ ውሻውን ብታነጋግረው መልካም ነው፤ ለቀናት ያጣት እንስሳ ደስታውን በዝላይ ሲገልጽ ሕፃኑ ከጉዳት ይጠበቃልና።

ትውውቁ በመጀመሪያው ቀን መሆን የለበትም። ውሻው በልቶ፣ ተንሸራሽሮ፣ በአንድ አዋቂ ሰው እጅ በገመድ ተይዞ ሕፃኑን ከሩቅ ያየው። ከተረጋጋ በቀጣዮቹ ቀናት ርቀቱ በጥቂቱ ይቀነሳል። ሕፃኑን ወደ ውሻው አፍንጫ ማስጠጋትም ሆነ “ይላሰው፣ ይልመደው” ማለት ፈጽሞ አይገባም። የውሻ ምራቅ በዓይን፣ በአፍ ወይም በተላላጠ ቆዳ በኩል በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

የአራስ ጥየቃና የድግስ ቀናት

“እንኳን ማርያም ማረችሽ” እያለ የሚመጣው ዘመድና ጎረቤት ለአራሷ ደስታ ነው፤ ለጠባቂው ውሻ ግን የማያቋርጥ የእንግዳ ጎርፍ ነው። ቀኑን ሙሉ በመግቢያው በር አጠገብ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ በእያንዳንዱ እንግዳ ይበሳጫል። ስለዚህ በጥየቃው ወቅት ከበሩ ርቆ፣ ጥላና ውኃ ባለበት ስፍራ ቢቆይ ይሻላል። ከእንግዶች ጋር የሚመጡ ልጆችም ወደ ውሻው እንዳይቀርቡ አንድ ሰው ሊከታተላቸው ይገባል።

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሱ፣ በሙስሊም ቤተሰቦችም ዘንድ አቂቃ ሲደረግ በግ ወይም ፍየል ይታረዳል። በዚህ ጊዜ ውኃ የቋጠረ እባጭ ያለበት ጉበትና ሳንባ ለውሻ ሲጣል ይታያል። ይህ ልማድ አደገኛ ነው። እባጩ ውስጥ ያለው ተውሳክ በውሻው አንጀት ውስጥ ወደ ትንንሽ የኮሶ ትሎች ይለወጣል፤ የትሉ እንቁላልም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በጠጉሩና በግቢው አፈር ላይ ይጣበቃል። እንቁላሉ በእጅ ወይም በምግብ በኩል ወደ ሰው አፍ ከገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ እባጭ ያስከትላል። እባጭ ያለበት የሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለውሻ የሚሰጥ ሌላ የሆድ ዕቃም በሚገባ የተቀቀለ መሆን አለበት።

ሕፃኑ መዳኽ ሲጀምር

የመጀመሪያዎቹ ወራት በሰላም ካለፉ ብዙ ቤተሰብ ይዘናጋል። ይሁንና ሕፃኑ መዳኽ ሲጀምር ሌላ የጥንቃቄ ምዕራፍ ይከፈታል። ሕፃኑ ወደ ውሻው መብል ይሄዳል፤ ጅራቱን ይጎትታል፤ ተኝቶ ሳለ ይወድቅበታል። የሚበላ፣ የተኛ፣ የታመመ ወይም ቡችሎቿን የምታጠባ ውሻ በተለይ መነካት አትወድም። ስለዚህ የውሻው መመገቢያ ሕፃኑ በማይደርስበት ስፍራ ይሁን። ምንም ያህል ለማዳ ቢሆን ሕፃንንና ውሻን ያለ አዋቂ ሰው ለአንድ አፍታ እንኳ ብቻቸውን መተው አይገባም። ታላቅ እህት ወይም ታላቅ ወንድም ገና ልጅ ከሆኑ እንደ ጠባቂ አይቆጠሩም።

ውሻ ከመንከሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ያስጠነቅቃል። ሰውነቱን ያደርቃል፤ ፊቱን ያዞራል፤ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፤ የዓይኑን ነጭ ያሳያል፤ ጥርሱን ገልጦ ያጉረመርማል። ጅራት መቁላት ሁልጊዜ የደስታ ምልክት አይደለም። ውሻው ሲያጉረመርም ከመምታት ይልቅ ሕፃኑን ማራቅ ይገባል። ባጉረመረመ ቁጥር የሚመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ትቶ በቀጥታ መንከስን ሊማር ይችላልና።

ንክሻ ከደረሰ

ሕፃኑም ሆነ አራሷ ከተነከሱ ወይም ከተቧጨሩ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ሕይወት አድን እርምጃ ነው። ቁስሉ ላይ አመድ፣ ቅቤ ወይም ቅጠል ማድረግ አይገባም። ቁስሉ ቢያንስም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ለጨቅላ ሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርም ሆነ ለምታጠባ እናት ይሰጣል። ጸበልም ሆነ ባሕላዊ መድኃኒት የሚከተል ቤተሰብ ክትባቱን ማዘግየት አይኖርበትም።

ውሻውን ወዲያው መግደልም አይመከርም። ያለ አደጋ ማሰር ከተቻለ ለ10 ቀናት በእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትትል ሥር ይቆይ። እስከዚያ ጤናማ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ዕለት በሽታውን እንዳላስተላለፈ ይታወቃል። የተነካው ሰው ሕክምና ግን የውሻውን ውጤት አይጠብቅም። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ድምፁ የተለወጠ ውሻ ከታየ ሳይጠጉት ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ልጅ ሲወለድ ውሻን ወደ ጎዳና አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም። ያልተከተበ ባለቤት አልባ ውሻ የጎረቤትን ልጅ፣ ዞሮም የራስን ልጅ ያሰጋል። ከዚህ በፊት ሰው የነከሰ ወይም በቀላሉ የሚቆጣ ውሻ ካለ፣ ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ ሕፃኑ በማይደርስበት አጥር ውስጥ ማኖር ወይም ሕፃን ለሌለበት ቤት ማስተላለፍ ይሻላል።

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ አበው። ዘጠኙ የእርግዝና ወራት ለክትባቱም፣ ለማለማመዱም፣ መጠለያውን ለመሥራትም በቂ ጊዜ ናቸው። የነፍሰ ጡሯ የመጀመሪያ ቀጠሮ በሚያዝበት ሳምንት የውሻውም ቀጠሮ አብሮ ይያዝ።