ጉልላት ውስጥ የገባ ሰማይ

በሚያዝያ ሙቀት፣ በቋራ ቆላ ገለጉ ላይ፣ ቤት ውስጥ መተኛት አይቻልም። ጠፍር አልጋው ደጅ ይወጣል፤ ልጆች እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ሰማዩን አንጋጠው ያያሉ። ፕላኔታሪየም የሚባለው ቤት ግን ይህን ሰማይ የመንገድ መብራት ለነጠቃቸው ከተሞች መልሶ ያሳያል።

እንደ ጎጆ ክብ ሆኖ፣ ጣሪያው ከውስጥ ነጭ የሆነ ጉልላት ነው። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ጋደም ይላል፤ መብራቱ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ቀስ የሚለው ዓይን ጨለማውን እንዲለምድ ነው፤ ሕፃናትም አይደነግጡም። በጥንቱ አሠራር መሀል ላይ የሚቆመው ማሽን ውስጡ ኃይለኛ አምፖል ያለበት ኳስ ነው፤ በዙሪያው ካሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ሌንሶች የሚወጣው ብርሃን ጉልላቱ ላይ ኮከብ ይሆናል። ጨረቃና ፕላኔቶች ከከዋክብቱ ጋር እኩል ስለማይጓዙ ለየብቻቸው በማርሽ የሚዞር መብራት አላቸው። ዛሬ በብዙ ቦታ ይህን ሁሉ ኮምፒውተርና ፕሮጀክተር ተክተውታል።

ሐሳቡን ከግብ ያደረሰው በጀርመኑ ሳይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ዋልተር ባወርስፌልድ ነው። በጥቅምት 1916 ዓ.ም. ሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ማሽኑ 4,500 ያህል ከዋክብት አሳየ። ሆኖም የሚያሳየው የአውሮፓን ሰማይ ብቻ ነበር፤ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ኮከቦች ሙኒክ ላይ ከአድማስ በላይ ወጥተው አያውቁም። ሁለት ኳስ ያለው፣ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ የሚያሳየው ማሽን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ገለጉ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ የጠበቀ ሰው ከመላው ሰማይ 99 በመቶውን ያያል፤ የሙኒክ ሰው 83 በመቶ ያህሉን ብቻ። ታዲያ ጉልላቱ ለገለጉ ልጅ ምን ይጨምርለታል?

ዓመትን በደቂቃዎች ያሳጥርለታል። መጽሐፈ ሄኖክ፣ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ የሆነው መጽሐፍ፣ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ በስድስት ትገባለች ይላል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይህን ልመልከት ያለ ሰው ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ መጠበቅ አለበት። ጉልላቱ ውስጥ ግን የፀሐይ መውጫ በአድማሱ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ ቆም ሲል፣ ሲመለስ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ደመናም የለበትም። ፍኖተ ሐሊብ እጅግ የሚደምቅበት ክፍል አመሻሹ ላይ ከፍ የሚለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ቆላው በዝናብ በሚርስበት ወቅት ነው፤ ያንን በበጋ ማየት የሚሻ ሌሊት መነሣት ግድ ይለዋል። ሰሊጥ ለማጨድ ጎሕ ሳይቀድ የሚወጣ፣ ሳሉግ የሚባለው የእርሻ ሠራተኛ እንኳ በኅዳር አያገኘውም።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ እነሱ ግን እውነተኛውን ሰማይ የሚያጠኑ ናቸው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው የሳይንስ ሙዚየም ደግሞ ባለ ጉልላት ትዕይንት ቤት አለው። ሁለቱም ለቋራ ልጅ ሩቅ ናቸው። በሌላ አገር ትምህርት ቤቶችን የሚያዳርሰው በነፋስ የሚነፋ ድንኳን ነው፤ ተጣጥፎ መኪና ላይ ይጫናል፣ ቬንትሌተር ይወጥረዋል፣ ልጆቹ በእንብርክክ ይገባሉ። ለገለጉ የሚሆነው ይኸኛው ይመስለኛል፤ ጀነሬተር ካልጠፋ። ከተቀዳ ፊልም ይልቅም በቋንቋቸው እየጠየቀ የሚያስረዳ አስተማሪ እመርጣለሁ፤ ልጅ መሀል ላይ «ፀሐይ ማታ የት ታድራለች?» ብሎ ሲያቋርጥ ፊልሙ አይመልስለትም።

ትዕይንቱ በግንቦት ቢሆንና ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢያልቅ፣ ቀሪው ትምህርት ደጅ ነው። ክንድን ዘርግቶ ጭብጥን ከአድማስ ላይ መደርደር፦ በሰሜን በኩል አንድ ጭብጥ ከትንሽ፣ የሰሜን ኮከብ። ዞር ብሎ በደቡብ በኩል ሁለት ጭብጥ ሊሞላ ሲል፣ የደቡብ መስቀል።