«ሱፐርቪዥን ለአዲስ አበባ ሰው ነው»፦ ተረትና እውነታ

በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ሥራ ከጀመሩ የሳይኮሎጂ ተመራቂዎች አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፦ «ሱፐርቪዥን ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለአዲስ አበባ ሰው ነው። እኛ ጋ ማን አለ? ቢኖርስ በምን ብር?» ሱፐርቪዥን ማለት ጀማሪ አማካሪ የያዘውን ጉዳይ ከበሰለ ባለሙያ ጋር እየተወያየ የሚታረምበት ክትትል ነው። ይህ አባባል ሰው እየጎዳ ነው።

አረካ ወይም ቦዲቲ ያለ አንድ ትምህርት ቤት እናስብ። አንዲት ተማሪ ወጣቱ አማካሪ ፊት ተቀምጣ ስለ ፈተና ታወራለች። ልትወጣ ስትል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ መኖር ሰልችቶኛል፤ ለእናቴ ግን እንዳይነግሩብኝ» ትለዋለች። ራሷን ልትጎዳበት የምትችለው ነገር በእጇ እንዳለ በግልጽ ይጠይቃት? ምስጢር የማይጠበቅበት ጊዜ ይህ መሆኑን እንዴት አድርጎ ይንገራት? ዩኒቨርሲቲ ሳለ ተምሮት ይሆናል። ልጅቷ ዓይን ዓይኑን እያየችው ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደውሎ የሚያማክረው የበሰለ ሰው ከሌለው «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል ይገባና «በርቺ» ብሎ ይሸኛታል።

እርግጥ ነው፣ አባባሉ ከሜዳ አልተነሳም። አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ ያለው ሰው በአገር ደረጃም ጥቂት ነው። በጀማሪ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ለቤተሰብ ልኮ፣ በየሳምንቱ ለግል ባለሙያ መክፈል አይታሰብም። እዚህ ድረስ ልክ ናቸው።

ስህተቱ ያለው «ስለዚህ ብቻዬን እሠራለሁ» የሚለው መደምደሚያ ላይ ነው። ሶዶ ባዶ ከተማ አይደለችም። ብዙዎቻችን እስከዛሬ ኦቶና የምንለው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ የሳይኮሎጂ መምህራንም እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ የንግግር ሕክምና ክህሎትን ሁሉ ላያስተምር ይችላል፤ አደጋን መለየትን፣ መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚላክና መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ ግን ከእሱ የተሻለ የሚነግርህ የለም። ለቀረው ስልክ አለ። አራት ጀማሪዎች ተሰባስበው ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ካለ ልምድ ያለው ባለሙያ ጋር በወር አንድ ሰዓት ቢቀጥሩ ክፍያው ለአራት ይከፈላል። የስልኩ ውይይት ፊት ለፊት ከመገናኘት ጋር እኩል ነው ብዬ አልከራከርም። ከምንም ግን እጅግ ይሻላል። ያችን ሰዓት ለመጠቀም ግማሽ ገጽ መጻፍ ይበቃል፦ ተገልጋዩ ምን አለ፣ እኔ ምን መለስኩ፣ የቱ ጋ ተቸገርኩ። አራቱ ያለ በሳል ሰው ብቻቸውን ቢሰበሰቡም ይደጋገፋሉ፤ ነገር ግን የጋራ ስህተታቸውን የሚያርም አይኖርም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «እኛም ብቻችንን ነው የለመድነው» የሚሉ ነባር ባለሙያዎች ንግግር ነው። በእነሱ ልምምድ ወቅት ማን እንደተጎዳ ማን ቆጠረው? «ሽማግሌውስ፣ ፓስተሩስ ማን ተቆጣጥሯቸው ይመክራሉ?» የሚሉም አሉ። ሽማግሌ እኮ ለእርቅ ብቻውን አይቀመጥም፤ አንዱ ሲስት ሌላው ያርመዋል፣ የከበደ ነገር ሲመጣ ቀጠሮ ይሰጥና ይመካከርበታል። በዚምባብዌም ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ፕሮግራም አያቶችን አሠልጥኖ አግዳሚ ወንበር ላይ እያስቀመጠ ሰው ያማክራል። አያቶቹ የሚሠሩት ግን በባለሙያ ክትትል ነው።

ሌሎቹ ተረቶች ብዙ አያከራክሩም።

«የመውጫ ፈተና አልፌያለሁ፤ ይበቃኛል።» ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው ይህ ፈተና የሚለካው የትምህርት ዕውቀትን ነው። ከተጨነቀ ሰው ጋር እንዴት እንደምትቀመጥ አያይም።

«የዓለም ጤና ድርጅት ማኑዋል አለኝ።» ድርጅቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ አምስት ክፍለ ጊዜ ማኑዋል ሙያተኛ ላልሆኑ ረዳቶችም የተዘጋጀ ነው፤ ሆኖም ሥልጠናና ሱፐርቪዥንን አብሮ ይጠይቃል።

«ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እጠይቃለሁ፤ ስም እስካልጠራሁ ችግር የለውም።» ችግር አለው። ወረዳዋን፣ ቤተ ክርስቲያኗንና የአባቷን ሥራ ከጻፍክ ስሟን ጻፍከው ማለት ነው።

«ሱፐርቫይዘር ካለኝ ክሊኒክ መክፈት እችላለሁ።» አትችልም። ሱፐርቪዥን የሙያ ፈቃድን አይተካም።

በሶዶ ያላችሁ መምህራንና የሆስፒታል ባለሙያዎች፣ በወር አንድ ከሰዓት ለጀማሪዎች በራችሁን ክፈቱ። ሥራ የጀመርክ ወንድሜ፣ ሥራ የጀመርሽ እህቴ፣ አስቸጋሪው ቀን ሳይመጣ ከአንድ የበሰለ ሰው ጋር «እደውልልዎታለሁ» ተባባሉና ስልኩን ያዙ።