ካርድ ክፍሉና ማሽኑ፦ ስለ ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ትርፍና ኪሳራ ተረትና እውነታ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ፣ ስሙ ይቆየንና፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልታከም ሄጄ በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆምሁ በኋላ፣ መዝገብ ያዡ ወጣት አቧራ የለበሰ እጁን በጋዋኑ እየጠረገ ብቅ አለና «ጋሼ፣ ካርድዎ አልተገኘም፤ አዲስ ይውጣልዎት» አለኝ። ወጣቱ ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም መሰላል ላይ ወጥቶ ከጣሪያ ሥር ያለውን መደርደሪያ ሲያገላብጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነገር ግን በዚያ በጠፋው ካርድ ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማኝ ተጽፎ ነበር፤ አዲሱ ካርድ አንዳች ቃል ሳይኖርበት ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ፤ እኔ ራሴ አስታውሼ ባልናገር ኖሮም ሐኪሙ ነገሩን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ለአዲሱ ካርድ ደግሞ እንደገና ከፈልሁ።

ከዚያ ወዲህ የክሊኒክ ባለቤቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ ሲነጋገሩ ጆሮዬን እሰጣለሁ፤ የምሰማውም ሁለት ዓይነት እምነት ነው። አንዱ ወገን ኮምፒውተሩን የትልልቅ ሆስፒታሎች ቅንጦት ያደርገዋል፤ ሌላው ወገን ገዝተው ባስቀመጡት ማግሥት ብር የሚያወርድ ተአምር ያደርገዋል። ሁለቱም የሚናገሩት ከሰሙት እንጂ ከቆጠሩት አይደለም። ስለዚህ ቆጥረው ያዩ ሰዎች ያገኙትን ማስረዳት ይገባል፤ ዘመኑን ያለ ምልክት የጠቀስሁት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወረቀት ርካሽ ነው ይባላል። ካርዱ በጥቂት ብር ይታተማል፣ እስክሪብቶ ይገዛል፣ በዚሁ ወጪው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን የክሊኒኩን ባለቤት እጁን ይዞ ወደ ካርድ ክፍሉ የሚያስገባው ሰው ቢኖር፣ በመደርደሪያ የተያዘው ክፍል ሌላ ሐኪም ቢቀመጥበት በወር ስንት ሊያስገባ ይችል እንደነበር፣ ካርድ በመፈለግ ብቻ የሚውሉት ሠራተኞች ምን ያህል ደመወዝ እንደሚወስዱ፣ ካርዱ እስኪገኝ ታክቶት ወደ ጎረቤት ክሊኒክ የሄደው ሕመምተኛ ስንት እንደሆነ አንድ በአንድ ሊያሳየው ይችል ነበር። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው፤ የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ሣጥን እንዳለ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ እርሱ የታመመ ዕለት ቤቱ ሁሉ ይታመማል።

ከዚህም የሚብሰው ፍሳሽ ከዓይን የተሰወረው ነው። ነርሷ መርፌ ወጋች፣ ቁስል አጠበች፣ በሰልፉ ብዛት ተዋክባ በማዘዣው ላይ ሳትመዘግብ ቀረች እንበል፤ ገንዘብ ተቀባዩ ያልተጻፈውን አያስከፍልም፤ ሕመምተኛውም ረስታችሁኛል ብሎ አይመለስም። በክሬዲት የሚታከሙ የድርጅት ሠራተኞች ሒሳብ ደግሞ በወር መጨረሻ ከነማስረጃው ተጠርዞ ሲላክ፣ ፊርማ የጎደለበት ወይም የሐኪሙ እጅ ጽሑፍ ያልተነበበለት ወረቀት ሁሉ ሳይከፈልበት ይመለሳል። በብራና መጻሕፍት ዘንድ ጸሐፊው የዘለለው ቃል ግድፈት ይባላል፤ አራሚም ከኅዳጉ ላይ ያቃናዋል። የክሊኒኩን ግድፈት የሚያቃና አራሚ ግን የለም፤ ያልተጻፈ ገቢ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ኪሳራ ተብሎ ስለማይገባ፣ ባለቤቱ ወረቀት ርካሽ ነው እያለ ይኖራል።

ሁለተኛው እምነት፣ ማሽኑ ራሱ ዋጋውን ይመልሳል የሚለው ነው፤ ይህም ብዙ ሰው ያከሰረ ስለሆነ ሰፋ ያለ ሐተታ ይገባዋል። ሒሳቡን አጥብቀው የሠሩት አሜሪካውያን ናቸው። በ2003 የቦስተን ተመራማሪዎች በግምት ባሰሉት ሒሳብ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ላይ ያለ አንድ ሐኪም በኤሌክትሮኒክ መዝገብ በ5 ዓመት ውስጥ 86,400 ዶላር ያህል የተጣራ ጥቅም ሊያገኝ ይችላል አሉ። በ2005 ደግሞ 14 ትንንሽ የሐኪም ቤቶችን በቅርብ የመረመሩ ሌሎች፣ መነሻው ወጪ ለአንድ ሐኪም በአማካይ 44,000 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 8,500 ዶላር እንደሆነ፣ ይህም በአማካይ በ2 ዓመት ተኩል ውስጥ እንደተመለሰ ጻፉ። ሻጮች እስከ ዛሬ በየስብሰባው የሚያነበንቡት የእነዚህን ሁለት ጥናቶች ቁጥሮች ነው።

የአሜሪካ መንግሥትም በበኩሉ በየካቲት 2009 ባወጣው ሕግ፣ መዝገቡን ገዝቶ በሚገባ ለተጠቀመበት ሐኪም ሜዲኬር በተባለው የአረጋውያን የጤና መድን በኩል በ5 ዓመት እስከ 44,000 ዶላር ድጎማ ፈቀደ፤ ከ2015 ጀምሮ ግን ያልተጠቀመበትን ከክፍያው እየቀነሰ ይቀጣው ጀመር። እንግዲህ በ2013 በማሳቹሴትስ ያሉ 49 የሐኪም ቤቶች ሒሳብ ሲመረመር ምን ተገኘ ቢሉ፣ ያለ ድጎማው አንድ ሐኪም በአማካይ በ5 ዓመት 43,743 ዶላር እንደሚከስር፣ ትርፍ የሚያገኙትም ከመቶ 27 ብቻ እንደሆኑ፣ ድጎማው ቢጨመርም ከመቶ 14 ብቻ ተጨማሪ ወደ ትርፍ እንደሚሻገሩ ታወቀ።

ማሽኑ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱ አትርፎ ሌላው የከሰረበት ምክንያት ከማሽኑ ውስጥ አይገኝም። ያተረፉት፣ ካርድ በመፈለግና በመጻፍ ይባክን የነበረውን ሰዓት ተጨማሪ ሕመምተኛ ያዩበት፣ ወይም የክፍያ ጥያቄያቸውን አጥርተው በመላክ ውድቅ የሚሆነውን የቀነሱ ናቸው። በአንጻሩ ግማሽ ያህሉ ሐኪም ቤቶች ኮምፒውተሩን ከገዙ በኋላም የወረቀቱን መዝገብ ጎን ለጎን መያዛቸውን አልተዉም ነበር። ለሁለት ጌቶች መገዛት እንደማይቻል የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃን ያውቀዋል፤ ሆኖም በእኛም አገር ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ ጸሐፊዋ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ የምትገለብጥበት ቤት ገብቼ አይቻለሁ፤ በዚያ ቤት ሁለት ደመወዝ እየተከፈለ አንድ ሥራ ይሠራል፤ ሐኪሙ «አንታይ» ብሎ መጻፍ የጀመረውን መድኃኒትም ጸሐፊዋ እንደመሰላት ትጨርሰዋለች።

በዚህ ላይ ሻጮች የማያነሡት ነገር አለ። የቦስተኑ ግምት ከቆጠረው ጥቅም ትልቅ ድርሻ ያለው ከመድኃኒትና ከራጅ ወጪ የሚቀረው ነው፤ ይህ ቁጠባ ግን የመድኃኒቱንና የራጁን ሒሳብ ለሚሸከመው ወገን እንጂ ሁልጊዜ ለሐኪሙ አይደለም። ሕመምተኛው ከኪሱ በሚከፍልበት በእኛ አገርማ፣ ውጤቱ ስለጠፋ የተደገመ የደም ምርመራ ለክሊኒኩ ተጨማሪ ገቢ ነው። መዝገቡ ሲስተካከል ይህ ገቢ ይቀራል። መቅረቱ ጽድቅ ነው፤ በትርፍ ዓምድ ሥር ጽፎ ለባለቤቱ ማሳየት ግን ማታለል ነው።

ጊዜ ይቆጥባል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2016 በአሜሪካ 57 ሐኪሞች ሲሠሩ በተመልካች ተለክተው፣ ከሕመምተኛ ጋር ለሚያሳልፉት እያንዳንዱ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ በኮምፒውተርና በጽሕፈት ሥራ ላይ እንደሚያጠፉ ተገኝቷል። የዚያ አገር መዝገብ ለሕመምተኛው ያህል ለከፋዩም ስለተሠራ፣ ሐኪሙ መልስ የሚሰጥበት ሣጥን በዝቶበታል። ይህ ግን ባለቤቱ ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው፤ ክብደትን፣ ሙቀትንና የደም ግፊትን ነርሷ በትሪያጅ ካስገባችው፣ የማያስፈልገው ጥያቄም ከቅጹ ከተሰረዘ፣ ሐኪሙ ዓይኑን ከስክሪኑ መልሶ ወደ ሰውየው ማቅናት ይችላል።

«መብራት ሲጠፋ ሁሉ ነገር ይጠፋል፤ ወረቀት ግን ሁልጊዜ አለ» የሚለው ንግግር ለአዲስ አበባ ሰው በጣም የሚያሳምን ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው፤ ዩፒኤስና ጄኔሬተር የሌለው ክሊኒክ ነገሩን ባይጀምረው ይሻለዋል። ወረቀት ሁልጊዜ አለ የሚለው ግን በነሐሴ 2005 በኒው ኦርሊየንስ ተፈትኖ ወድቋል። ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከተማዋን በውኃ ባጥለቀለቀ ጊዜ የብዙ ሐኪም ቤቶች የወረቀት መዝገብ በስብሶ ሲቀር፣ የቀድሞ ወታደሮች ሕክምና መሥሪያ ቤት መዝገቡን በኮምፒውተር ይይዝ ስለነበረ፣ የተሰደዱት ሕመምተኞቹ በደረሱበት ሌላ ከተማ ያሉ ሐኪሞቹ ታሪካቸውን ከፍተው ሊያነቡ ችለዋል። ማሽኑም ቢሆን የራሱ ጎርፍ አለው፤ በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በእንግሊዝ ከ236 የጤና ተቋማት ማኅበራት ቢያንስ የ80ዎቹን ሥራ አውኳል፤ ክፍተቱን የሚደፍነው ማስተካከያ ግን ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ያልጫነው ሰው ነው የተጎዳው። መጠባበቂያ ቅጂ ከዚያው ሕንፃ ውስጥ ከተቀመጠም ሌባና እሳት ሁለቱንም ባንድ ቀን ይወስዷቸዋል።

ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ሁሉ ለማንኛውም አገር ይሆናል ብሎ ማመን ደግሞ በእኛ ዘንድ የተለየ መዘዝ አለው። የባዕድ ፕሮግራም የቤተ ሰብ ስም ጻፍ ይላል፤ እኛ ግን የአባትና የአያት እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም። ፀሐይ የምትባል ሴት ዛሬ በጸሎቱ ጸ፣ ነገ በፀሐዩ ፀ፣ ከነገ ወዲያ በሐመሩ ሐ ፋንታ በሃሌታው ሀ ብትመዘገብ፣ እኔና አንባቢዬ ባንወደውም እናነበዋለን፤ ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ፀሐዮች አድርጎ ሦስት ካርድ ያወጣላታል፤ ለፔኒሲሊን የሚሰጠው ማስጠንቀቂያም በአንደኛዋ ላይ ብቻ ይቀራል። የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ተነግሮ በእነርሱ አቆጣጠር ሲገባም የሕፃን ዕድሜ ሰባትና ስምንት ዓመት ይዛነፋል፤ የሕፃን መድኃኒት መጠን ሲወሰን ይህ ቀላል ግድፈት አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር ሻጩ በማሳያው ቀን አያሳይም፤ ማሳያው ላይ ያሉት ሕመምተኞች ሁሉ ስማቸው ጆን ነው።

ስለ ምሥጢር ጥበቃ የሚነሣው ሥጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በየኮሪደሩ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ የሚውለው ካርድ ማን እንዳነበበው ምልክት አይተውም፤ በሚገባ የተሠራ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ግን የከፈተውን ሰው ስምና ሰዓቱን ይይዛል። ይህ የሚሠራው እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ሲኖረው ነው እንጂ አንዱን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፈው ከስክሪኑ ላይ ሲለጥፉት አይደለም። በአገራችንም ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) በዚህ ረገድ ኃላፊነትን ስለሚያስከትል፣ የክሊኒኩ ባለቤት ከጠበቃው ጋር ቢያነበው መልካም ነው።

እንግዲህ ክሊኒክ ያለዎት አንባቢ ሆይ፣ ሻጩን ከመጥራትዎ በፊት አንድ ተራ ደብተር ለሰባት ቀን ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያስቀምጡ፤ ስንት ካርድ ተፈልጎ እንደጠፋ፣ ስንት ሰው ታክቶት እንደሄደ፣ ከክሬዲት ሒሳብዎ ስንቱ ተመላሽ እንደሆነ ይጻፍበት። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ገንዘብዎን ይያዙ። ብዙ ከሆነ ሻጩን ይጥሩና፣ ውሉ ቢፈርስ የሕመምተኞቼን መዝገብ በምን መልክ፣ በስንት ቀን ትመልሱልኛላችሁ ብለው ይጠይቁት፤ መልሱን በጽሑፍ ካልሰጠዎት አይፈርሙ።