ኮሮጆው ሳይከፈት የሚታወቅ ምክር ቤት

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በተካሄደው የብሪታኒያ ምርጫ ሪፎርም ዩኬ የተባለው ፓርቲ ከመላ አገሪቱ ድምፅ 14.3 በመቶ አግኝቶ የደረሰው 5 የምክር ቤት ወንበር ነበር። ሊበራል ዴሞክራቶች ከእሱ ባነሰ ድምፅ፣ በ12.2 በመቶ፣ 72 ወንበር ወሰዱ። ሌበር ደግሞ ሲሶ ድምፅ ይዞ ከ650 ወንበር 411ዱን ጠቀለለ። (እዚህ ያሉትን ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።) በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ዕጩ፣ ግማሹን ባይሞላም፣ ያልፋል፤ የተሸነፉት ድምፅ እዚያው ይቀራል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ለተወካዮች ምክር ቤት የደነገገው ይህንኑ ሥርዓት ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች አንድ ሳያስቀር የወሰደው በዚሁ ነው።

እንዲህ ባለ አገር “ማን ስንት በመቶ አገኘ?” ብሎ መጠየቅ ምክር ቤቱን አያሳይም። ጥያቄው 650 ጊዜ፣ ምርጫ ክልል በምርጫ ክልል መጠየቅ አለበት። በእያንዳንዱ ክልል በቂ ሰው ልጠይቅ የሚል ድርጅት ግን ወጪውን አይችለውም።

የመጀመሪያውን አቋራጭ በስፋት ያስለመደው የኦክስፎርዱ ዴቪድ በትለር ነው። ድምፅ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው በአገር ደረጃ የተሸጋሸገውን ያህል በየክልሉም ተሸጋሽጓል ብሎ ያለፈውን ውጤት ማስተካከል ነው። ቢቢሲ በ1955 ይህን ሽግሽግ በሚወዛወዝ ቀስት የሚያሳይ መሣሪያ፣ ስዊንጎሜትርን፣ ቴሌቪዥን ላይ አወጣ። ሁለት ፓርቲ ብቻ በሚፎካከርበት ዘመን ጥሩ ይሠራ ነበር። ሦስተኛና አራተኛ ሲጨመር ግን አንድ ቀስት አገሩን መሸከም አቃተው።

ዛሬ የምርጫው ሌሊት ባለሟል ኤግዚት ፖል ነው። ቢቢሲ፣ አይቲቪና ስካይ ኒውስ በጋራ ያሠሩታል፤ የስትራትክላይዱ ፕሮፌሰር ጆን ከርቲስ ይመሩታል፤ የስሌቱን መሠረት ከእሳቸው ጋር የጣሉት የስታቲስቲክስ ሊቁ ዴቪድ ፈርዝ ናቸው። በአገሪቱ ካሉት ወደ 40,000 ምርጫ ጣቢያዎች መካከል 130 ያህሉ በር ላይ ጠያቂዎች ይቆማሉ። ድምፅ ሰጥቶ የሚወጣውን ሰው በተወሰነ ተራ እያስቆሙ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን አምሳያ ይሰጡታል፤ እሱም አሁን ያደረገውን ደግሞ ምልክት ያደርግና ሌላ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ድምፅ መስጠት ሳያበቃ ውጤቱን ማውጣት በሕግ ያስቀጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ጣቢያዎቹ ሲዘጉ፣ ቁጥሩ ይነገራል።

130 ጣቢያ ግን 650 ክልልን እንዴት ይወክላል? አይወክልም፤ ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ጠያቂዎቹ በተቻለ መጠን ባለፈው ምርጫ ወደቆሙባቸው ጣቢያዎች ይመለሳሉ። የሚፈለገው የድምፁ መጠን አይደለም፣ ለውጡ እንጂ። ግማሽ ኪሎ የሚጨምር ሚዛን በጉን ለመሸጥ አይታመንም፤ ያንኑ በግ ለመስቀልና ለፋሲካ ከመዘነ ግን ምን ያህል እንደሰባ በትክክል ይናገራል። ሌላ ማነጻጸሪያም የላቸውም። እኛ ዘንድ ድምፅ እዚያው ጣቢያው ላይ ተቆጥሮ ውጤቱ ይለጠፋል፤ በብሪታኒያ ግን የየጣቢያው ወረቀት ከመቆጠሩ በፊት በሕግ ይደባለቃል፤ የአንድ ጣቢያ ይፋ ውጤት የሚባል ነገር የለም።

ለውጡ ከተገኘ በኋላ ከምን ጋር እንደሚሄድ ይመረመራል፦ ወጣት ከበዛበት? ዲግሪ ያለው ካነሰበት? ከዚያ ጠያቂ ላልረገጣቸው ክልሎችም ግምት ይወጣል። ግምቱ “እገሌ ያሸንፋል” አይልም፤ ዕድል ነው። አንድ ፓርቲ በመቶ ክልሎች በእያንዳንዱ 60 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ቢኖረው፣ ችኩል ተንባይ መቶውንም ይሰጠዋል። ከርቲስና ጓደኞቻቸው ዕድሎቹን ደምረው 60 ይሉታል። የትኞቹ 60 እንደሆኑ አያውቁም፤ ማወቅም አያስፈልጋቸውም። ድምሩ የሚያምረው እዚህ ያለው ስሕተት እዚያ ካለው ጋር ስለሚጣፋ ነው።

በ2015 ይህ ድምር ሊበራል ዴሞክራቶች ከ57 ወንበር ወደ 10 ይወርዳሉ አለ። የቀድሞ መሪያቸው ፓዲ አሽዳውን፣ እውነት ከሆነ ባርኔጣዬን እበላለሁ ብለው ቴሌቪዥን ላይ ማሉ። ሲቆጠር 8 ሆነ።

ከምርጫው በፊት ለመተንበይ ሌላ መንገድ አለ። አንድሩ ጌልማንና ቶማስ ሊትል በ1997 ያወጡት ስሌት ነው፤ በ2017 የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ድርጅት ዩጎቭ ለብሪታኒያ ተጠቀመበት። በሳምንት 50,000 ያህል ሰው ይጠይቃል፤ ለአንድ ክልል ሲካፈል ሰማንያ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ክልሉን ትቶ የሰውን ዓይነት ያጠናል፦ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ያለፈ ምርጫ። ከዚያ በሕዝብ ቆጠራው እንዲህ ያለ ሰው በየክልሉ ስንት እንዳለ አይቶ ያባዛል። ወግ አጥባቂዎቹ አብላጫቸውን ያጣሉ፣ ሀብታሙ ኬንሲንግተን እንኳ ወደ ሌበር ሊሄድ ይችላል ሲል ብዙዎች ተሳለቁ። አብላጫው ጠፋ፤ ኬንሲንግተንም በ20 ድምፅ ልዩነት ሄደ።

ስሕተቶቹ እርስ በርስ ሳይጣፉ አብረው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉ ግን የሚያድን ነገር የለም። በ1992 ኤግዚት ፖሉ ማንም አብላጫ አያገኝም ብሎ ወግ አጥባቂዎቹ በ21 ወንበር ብልጫ አሸነፉ። መነሻ ሲጠፋም እንደዚያው ነው። በ2024 ለሌበር 410 ተብሎ 411 መጣ፤ ድንቅ ነው። ለሪፎርም ግን 13 ተብሎ 5 ሆነ። የሪፎርም ቀዳሚ የሆነው ብሬግዚት ፓርቲ በ2019 ወግ አጥባቂዎች በያዟቸው ክልሎች አልተወዳደረም ነበርና፣ በእነዚያ ክልሎች ለውጡ ከምን ተነስቶ ይለካ? በክልል ደረጃ የባሰ ነበር፦ ባርንስሊ ኖርዝን ሪፎርም የማሸነፍ ዕድሉ 99 በመቶ ነው ተብሎ ስክሪን ላይ ታየ። ወንበሩን ሌበር አስጠበቀ። እኔ ብሆን የምክር ቤቱን ድምር አምኜ የየክልሉን ሰንጠረዥ ለቆጣሪዎቹ እተወዋለሁ፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው በእያንዳንዱ ክልል ላይ እንድንደገፍ አይመክሩም።